ለዴንማርክ ፕሮፌሰሮች የሚላከው ኢሜይል ለምን መልስ አያገኝም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ መምህርት ነኝ። የማስተርስ ጥናቴ በአሲዳማ አፈር ላይ የኖራ አጠቃቀም ነበር። ፒኤችዲዬን ዴንማርክ መሥራት እፈልጋለሁ። ለብዙ ፕሮፌሰሮች ሲቪዬን አያይዤ ስኮላርሺፕ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ መልስ እንኳ አልሰጡኝም። አንድ ኤጀንሲ ደግሞ ከከፈልኩ እንደሚያስገባኝ ነግሮኛል። የት ነው መፈለግ ያለብኝ? ውጤቴ አንሶ ይሆን?»

እህቴ፣ ችግሩ ውጤትሽ አይመስለኝም። የጠየቅሻቸው ነገር እነሱ ጋ የለም።

ዴንማርክ ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው። የሥራ ውል ይፈርማል። በየወሩ ደመወዝ ይገባለታል፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ አሠሪው የጡረታ መዋጮ ይከፍልለታል፣ በዓመት ቢያንስ አምስት ሳምንት ዕረፍት አለው። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። ቦታው በአብዛኛው የሚሞላውም ማስታወቂያ በይፋ ወጥቶ፣ አመልካቾች ተወዳድረው ነው። ፕሮፌሰሩ ሲቪሽን ቢወደው እንኳ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥሽ ቦታ የለውም። ገንዘብ ያለው ፕሮጀክት ሲኖረው ማስታወቂያ ያወጣል። ያኔ አንቺም ከሌላው ጋር እኩል ታመለክቻለሽ።

ስለዚህ የስኮላርሺፕ ፍለጋውን ተይውና ሥራ ፈልጊ። ይህን አንዴ ከያዝሽው ቀሪው ሁሉ መልክ ይይዛል።

በመጀመሪያ የኤጀንሲውን ነገር እንጨርስ። አትክፈይ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለሥራ ማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚቀጥረው ኮሚቴም ከደላላ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ክፍያ የሚመጣው ከተቀጠርሽ በኋላ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቺ ነው። እሱንም ቢሆን የምትከፍዪው በቀጥታ ለዴንማርክ መንግሥት ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ወጪ ስለሚሸፍኑ መጠየቅ አያሳፍርም። «ቦታ ይዤልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ግን ያለ ጥርጥር እያጭበረበረሽ ነው።

አሁን የት እንደሚፈለግ። በዴንማርክ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች 8 ብቻ ናቸው፤ ይህ ሥራሽን በጣም ያቀለዋል። ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1479 የተመሠረተ አንጋፋው ነው። ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ በ1928 ተመሠረተ። የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰው ዲቲዩ የሚለው፣ ከኮፐንሃገን ወጣ ብሎ ሊንግቢ ላይ ነው። ከዚያ የደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ዋናው ግቢው ኦዴንሰ ነው። ኦልቦርግና ሮስኪልደ ሁለቱም በ1970ዎቹ የተከፈቱ ናቸው። የቀሩት የኮፐንሃገን ቢዝነስ ስኩልና የኮፐንሃገን አይቲ ዩኒቨርሲቲ ለአንቺ መስክ አይሆኑም።

በአፈር ሳይንስ ከሆነ ትኩረትሽን ሁለቱ ላይ አድርጊ። አንደኛው የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ አግሮኢኮሎጂ ትምህርት ክፍል ነው። ዋናው ማዕከሉ ከተማው ውስጥ ሳይሆን ቪቦርግ አጠገብ ፎሉም የሚባል ገጠር ውስጥ ነው። በጁትላንድ አስኮቭ ላይ ከ1894 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቀጠለ የፍግና የማዳበሪያ ሙከራ አላቸው። አፈር ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን መረጃ ወርቅ ነው። ሁለተኛው ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ነው። የዕፅዋትና አካባቢ ሳይንስ ትምህርት ክፍሉን ተመልከቺ፣ የጂኦሳይንስና የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ክፍሉንም አትርሺ። ብዙው የግብርና ትምህርት የሚሰጠው ፍሬደሪክስበርግ ግቢ ነው፤ ቦታው ድሮ ራሱን የቻለ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ በ2007 ተዋሃደ።

የሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ላይ የክፍት ሥራ ቦታዎች ገጽ አለ። የእንግሊዝኛውን ምረጪ። ብዙዎቹ በኢሜይል ማሳወቂያ ይልካሉ፣ ተመዝገቢ። ከዚያ በተጨማሪ የአውሮፓ ኅብረትን ዩራክሰስ የተባለ የተመራማሪዎች የሥራ ገጽ በየሳምንቱ እዪ። ሌሎች ማስታወቂያ ሰብሳቢ ድረ ገጾችም አሉ፤ ችግራቸው ጊዜው ያለፈበትን ማስታወቂያ እንዳለ መተዋቸው ነው። እዚያ ያየሽውን ሁልጊዜ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ሄደሽ አረጋግጪ። የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለጠፈውንም እንዲሁ።

ፍለጋ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቃል ምርጫ ላይ ነው። «አፈር ሳይንስ» ብለሽ ብቻ ብትፈልጊ ጥቂት ነገር ታገኛለሽ። ቦታዎቹ የሚወጡት በፕሮጀክቱ ርዕስ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ የአፈር ካርቦን፣ ባዮቻር (አፈር ውስጥ የሚጨመር ከሰል)፣ ናይትረስ ኦክሳይድ (ከአፈር የሚወጣ፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ)፣ ፍግ፣ ረግረጋማ መሬት፣ የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን እያልሽ ፈልጊ። ዴንማርክ አብዛኛው መሬቷ እርሻ ነው። ከእርሻ የሚታጠበው ናይትሮጅን የባሕር ዳርቻዎቿን ውኃ ክፉኛ ጎድቶባታል። በ2024 መንግሥት፣ ገበሬዎችና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ባደረጉት ትልቅ ስምምነት ደግሞ ከ2030 ጀምሮ ከብት የሚያወጣው ጋዝ ላይ ግብር እንዲጣል ተወስኗል፣ ሰፊ እርጥብ የእርሻ መሬትም ወደ ተፈጥሮው እንዲመለስ። የምርምር ገንዘብ የአገር ራስ ምታት ወዳለበት ይፈሳል። ያንቺ የኖራ ጥናት ከዚህ የራቀ አይደለም። የአፈር አሲዳማነት ናይትረስ ኦክሳይድ ላይ ቀጥተኛ ተጽዕኖ አለው። ይህን ግንኙነት ራስሽ ማሳየት አለብሽ። ማንም አያሳይልሽም።

አንድ ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ልንገርሽ። የምርምር ገንዘብ ሲሰጥ ዜናው በይፋ ይወጣል። ኖቮ ኖርዲስክ ፋውንዴሽን፣ ቪሉም ፋውንዴሽን፣ ከ1876 ጀምሮ ያለው የካርልስበርግ ፋውንዴሽን፣ የመንግሥቱ ነጻ የምርምር ፈንድ፣ ሁሉም ለማን ምን እንደሰጡ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ዛሬ የአምስት ዓመት ፕሮጀክት ያገኘ ፕሮፌሰር ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ የፒኤችዲና የፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለ የምርምር ሥራ) ማስታወቂያ ያወጣል። ኢሜይል የሚጻፈው ያኔ ነው። «ስለዚህ ፕሮጀክት አነበብኩ፤ የኔ የማስተርስ ጥናት ከዚህኛው ክፍል ጋር እንዲህ ይገናኛል፤ የፒኤችዲ ቦታ መቼ ይወጣል ብለው ያስባሉ?» በቃ። አምስት ወይም ስድስት መስመር። አባሪው አንድ የሁለት ገጽ ሲቪ። ስለ ስኮላርሺፕ ቃል አይነሳም። እንዲህ ያለው ደብዳቤ መልስ የማግኘት ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም አንብበሽ እንደጻፍሽ ያስታውቃል።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም ግርጌው ላይ የሚጠየቅ ሰው ስም ይጻፋል። እኛ ጋ ይህንን ደፍሮ የሚጠቀም ጥቂት ነው። ማስቸገር ይመስለናል። ዴኖቹ ግን ሰዎች እንዲጠይቋቸው ብለው ነው ስሙን የሚያወጡት። ማስታወቂያው ላይ የሌለ፣ ሥራውን የሚመለከት ጥያቄ ካለሽ ጻፊ። የመስክ ሥራው የት ነው? የላብራቶሪ ልምዴ በዚህ ዘዴ ነው፣ ይበቃል ወይ? እንዲህ ዓይነት። «ውጤቴ ይበቃል?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ያንን ኮሚቴው ነው የሚወስነው። አጻጻፍሽ አክብሮት ይኑረው፣ ግን ማጎንበስ አያስፈልግም። እዚያ ፕሮፌሰርን በመጠሪያ ስሙ መጥራት የተለመደ ነው። «ክቡር ፕሮፌሰር ዶክተር» የሚለው ረጅም መግቢያ ለእነሱ ይከብዳቸዋል።

ማስታወቂያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ርዕሱ፣ አማካሪውና ገንዘቡ የተወሰነለት ነው። አብዛኛው እንደዚህ ነው። ሁለተኛው የፒኤችዲ ትምህርት ቤቱ በዓመት ውስጥ በቋሚ ቀናት የሚያወጣው ክፍት ጥሪ ነው። በሁለተኛው የራስሽን የምርምር ሐሳብ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አስቀድሞ የሚቀበልሽ አማካሪም ያስፈልግሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አንደኛው ይቀላል ባይ ነኝ።

ማስታወቂያውን ስታነቢ «ያስፈልጋል» የሚለውን «ቢኖር ይመረጣል» ከሚለው ለዪ። የሚያስፈልገውን ካሟላሽ አመልክቺ። ቢኖር ይመረጣል የተባለው አንድ ሶፍትዌር ስለሌለሽ ብቻ አትተዪው። የማመልከቻ ደብዳቤሽ ግን በማስታወቂያው ቅደም ተከተል ይሂድ። የመስክ ልምድ ከተጠየቀ የት፣ ስንት ማሳ ላይ፣ ምን ለካሽ የሚለውን በቁጥር ጻፊ። «ታታሪና ተግባቢ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ገምጋሚው ከዚያ የሚያገኘው ነገር የለም። አንድ ገጽ ተኩል ከበቂ በላይ ነው። ደብዳቤውንም ለእያንዳንዱ ቦታ እንደ አዲስ ጻፊው። ተገልብጦ የተላከ ደብዳቤ በሁለተኛው መስመር ያስታውቃል።

የሰነዱ ነገር ለእኛ ሰው ልዩ ጣጣ ስላለው ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። መጀመሪያ ስምሽ። ፓስፖርትሽ፣ ዲግሪሽና ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። «ፀሐይ» በሦስት ዓይነት ተጽፎ አይቻለሁ። ካልገጠመ ማመልከቻው ላይ የፓስፖርቱን ተጠቀሚና ልዩነቱን በአንድ መስመር ግለጪ። የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ውስጥ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ሙዪ፣ በየማመልከቻው አትቀያይሪው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ። የድሮ ሰነድሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ሲቪሽን ወደ እነሱ አቆጣጠር መልሺው፤ አለዚያ የሰባት ዓመት ክፍተት ያለብሽ ትመስያለሽ።

ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት እኛ ጋ ከሬጅስትራር በቀጥታ ለተቋም እንጂ ለተማሪ አይሰጥም። አትጨነቂ። ለማመልከት ስካን የተደረገ ስቱደንት ኮፒ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ዋናው የሚፈለገው ስትመረጪ ነው። ግን የመጀመሪያ ዲግሪሽ በኮስት ሼሪንግ ምክንያት ገና ቴምፖራሪ ላይ ከሆነ ጉዳዩን ከአሁኑ ጨርሺ። ከተመረጡ በኋላ ለዚህ መሯሯጥ ያደክማል፣ የሥራ መጀመሪያ ቀንም ይገፋል። በሌላ በኩል የነጥብ አሰጣጣችንን አያውቁትም። የእነሱ ከ2007 ጀምሮ ከአሉታዊ 3 እስከ 12 የሚሄድ ሰባት ደረጃ ነው። ስለዚህ የኛ 4.00 ጣሪያው እንደሆነ፣ የማስተርስ ጽሑፍሽ የተሰጠው ደረጃ ስንተኛው እንደሆነ የሚያስረዳ ገጽ አያይዢ። ብዙ ጊዜ ትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ጀርባውንም ስካን ማድረግ አትርሺ። ማስተርስሽ ከዴንማርክ የሁለት ዓመት ማስተርስ ጋር እኩል መሆኑን የሚመዝነው የፒኤችዲ ትምህርት ቤቱ ነው። የጥናት ጽሑፍሽ ሰፊ ከሆነ ይጠቅምሻል። የእንግሊዝኛ ፈተና ጉዳይ ከፋኩልቲ ፋኩልቲ ይለያያል። ማስታወቂያው ካልጠየቀ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ምስክሮችሽ (ሪፈረንስ የሚሆኑልሽ ሰዎች) ላይም አስቢ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ብዙም አይመዝንም። የሚፈልጉት ሥራሽን በቅርብ የሚያውቅ፣ ኢሜይል ሲጻፍለት በሁለት ቀን የሚመልስ ሰው ነው። የተቋም ኢሜይሉን የማይከፍት ዲን ከሚሆን፣ አብሮሽ መስክ የወጣ ረዳት ፕሮፌሰር ይሻላል። አስቀድመሽም ንገሪያቸው።

ማመልከቻ የሚገባው በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ቅጽ ብቻ ነው። በኢሜይል የተላከ ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም። ብዙ ማስታወቂያዎች የሚዘጉት በዴንማርክ ሰዓት 23፡59 ነው። ያ በእኛ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7፡59፣ በበጋቸው 6፡59 ነው። ግን መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የመጨረሻውን ሌሊት መጠበቅ አይመከርም። ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ጨርሺ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዴ ወር፣ አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣል። መጀመሪያ ይጣራል፣ የተመረጡት በገምጋሚዎች ይታያሉ፣ ጥቂቶች ለቃለ መጠይቅ ይጠራሉ። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ማስተርስ ጥናትሽ አጭር ገለጻ ታቀርቢያለሽ። ከዚያ ጥያቄ ይከተላል፤ ውጤቱን እንዴት አረጋገጥሽ? ሙከራው ባይሳካ ምን ታደርጊ ነበር? እዚህ ጋ የእኛ ሰው ትሕትና አንዳንዴ ይጎዳዋል። «ቡድኑ ሠራው» ትያለሽ፤ እነሱ ግን አንቺ በእጅሽ የሠራሽውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ፕሮፌሰሩ ከተናገረው ጋር የማትስማሚ ከሆነ ምክንያትሽን ተናገሪ። ይወዱታል። የማታውቂውን አላውቅም በዪ፣ እንዴት እንደምታጣሪው ጨምረሽ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ካወቅሽ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪያቸውና ስልክ ቁጥር ስጫቸው።

ካልተመረጥሽ አጭር የማመስገኛ ኢሜይል ጻፊና ምን እንደጎደለ ጠይቂ። ሁሌ አይመልሱም። ሲመልሱ ግን የሚሉት ነገር ለቀጣዩ ማመልከቻ ብዙ ይጠቅማል። በአንዱ ቦታ ሁለተኛ የወጣ ሰው እዚያው ትምህርት ክፍል ለሚቀጥለው ቦታ ሲጠራ አይቻለሁ።

ከመደበኛው ማስታወቂያ ውጭ ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች ናቸው፤ የተለያዩ አገር ተቋማት በጋራ ሆነው የፒኤችዲ ተማሪ የሚቀጥሩባቸው ፕሮጀክቶች። ማንኛውም ዜግነት ይቀበላሉ። ሕጉ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ቦታው ያለበት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖርን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ለምትኖረው ለአንቺ ይህ ምንም አይደለም። ማስታወቂያቸው ዩራክሰስ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ዳኒዳ ነው፣ የዴንማርክ የልማት ትብብር። በእሱ የሚደገፉ የምርምር ፕሮጀክቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ተማሪው የሚመዘገበው በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዴንማርክ የተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ያ በር የሚከፈተው በራስሽ ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ ሄደሽ ከዴንማርክ ጋር ፕሮጀክት እንዳለ ጠይቂ። ሥራሽንና ቤተሰብሽን ሳትለቂ መማር ከፈለግሽ ይህኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኑሮው ባጭሩ። የፒኤችዲ ደመወዝ ከግብር በፊት በወር 30 ሺህ ክሮነር አካባቢ ነው፤ ጡረታው በላዩ ነው። ከግብር በኋላ ብቻሽን ከሆንሽ በደህና ያኖርሻል። ኮፐንሃገን ላይ የቤት ኪራይ ግን ይበላዋል፣ ቪቦርግ አካባቢ ይቀላል። ሥራው ምርምር ብቻ አይደለም። 30 ክሬዲት ያህል ኮርስ አለ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ እስከ 840 ሰዓት ማስተማርና ሌላ የትምህርት ክፍል ሥራ አለ። ለተወሰነ ጊዜም ሌላ የምርምር ተቋም፣ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር፣ ትሄጃለሽ። አሁን የምታስተምሪበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፈቃድ ከሰጠሽ የመመለሻ ውሉን በደንብ አንብበሽ ፈርሚ፤ በዓመትና በገንዘብ ምን እንደሚያስገድድሽ እወቂ።

ውሉ ሲመጣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ታመለክቻለሽ። ጉዳዩን የሚያየው ሲሪ የተባለው፣ የውጭ አገር ሠራተኞችን ፈቃድ የሚሰጠው የዴንማርክ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ሠራተኞች ቢሮ ቅጹን አብሮሽ ይሞላል፤ የማታውቂውን እነሱን ጠይቂ። ባለቤትና ልጅ ካለሽ አብረውሽ ማመልከት ይችላሉ፣ ባለቤትሽም እዚያ መሥራት ይፈቀድለታል። የጋብቻና የልደት ማስረጃችሁን በእንግሊዝኛ አስተርጉመሽ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ከአሁኑ አሳልፊው፤ ያ ነው ጊዜ የሚበላው።